አክስቴን ለማስከሰስ አገና ድረስ

ሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አየር ጤና

መናኸሪያው ገና አልነጋለትም፤ ረዳቶቹ ግን ነግቶላቸዋል። «ወልቂጤ! ወልቂጤ! የሞላ ነው!» ይላል አንዱ፣ ውስጥ ሦስት ሰው አስቀምጦ። አራተኛ ሆኜ ገባሁና ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። የእውነት ሞልቶ ሲንቀሳቀስ ፀሐይዋ ጣሪያ ላይ ወጥታ ነበር።

ለማታውቁኝ አንባቢዎች፦ ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ የሰው ብሶት እየሰማሁ «ጉዳዩ፦» ብዬ እጀምራለሁ። መሬቴ ተወሰደ፣ ድንበሬ ተገፋ፣ ወንድሜ ካደኝ፣ ያልጻፍኩት የለም። ከዳኞቹ ይልቅ እኔን የሚያምን ደንበኛ ሞልቶኛል፤ ይሄን ስል እየተኩራራሁ ነው፣ ይቅርታ። ባለፈው ሳምንት ግን የአባቴ እህት፣ እትዬ ብርቄ፣ ከአገና ደውላ ሰምቼ የማላውቀውን ብሶት ነገረችኝ።

«ፈቃዱ፣ መሬት በዝቶብኛል። ናና ቀንስልኝ።»

«ምን አልሽ እትዬ?»

«የኔ ያልሆነ መሬት ደብተሬ ውስጥ ገብቷል። ሞት ሳይቀድመኝ አስወጣልኝ።»

ስልኩ ተቋረጠ። እርጅና ነው ብዬ ልተወው ነበር፤ ሆዴ ግን እምቢ አለኝ። እትዬ ብርቄ ሳትቸገር የምትደውል ሴት አይደለችም።

«አገር ቤት መሬት አለህ እንዴ?» አለኝ ሹፌሩ፣ ዓለም ገናን እንዳለፍን።

«አክስቴ አላት።»

«የላትም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው።»

«እሷስ ሕዝብ አይደለችም?»

«እሱን እኔ አላውቅም፣ እኔ ሹፌር ነኝ» አለና የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገው።

ሰኞ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ወልቂጤ

ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶን አለፍን። የጤፍ ማሳ፣ የጤፍ ማሳ፣ ከዚያ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ደግሞ የጤፍ ማሳ። ወልቂጤ ስንገባ ባጃጁ፣ ተማሪው፣ የቆርቆሮው ነጸብራቅ አንድ ላይ ተቀበለን። ክትፎ ቤት ገብቼ ከቆጮ ጋር አዘዝኩ። ስለ ዋጋው ምን ልበላችሁ፣ አስተናጋጁ «ለብለብ ነው ጥሬ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ሂሳቡን ቀድሜ ባየሁ ኖሮ እኔ ነበርኩ የምለበለበው።

ጎረቤት ወንበር ላይ ያለው ሰው ሁለት ስልክ ጠረጴዛ ላይ ደርድሯል። ደላላ ለመሆኑ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

«ጋሼ፣ ቦታ ፈልገህ ነው?»

«ለማወቅ ያህል ነው። ገጠር ውስጥ መሬት ስንት ይሸጣል?»

«አይሸጥም!» አለ፣ እንደ ደነገጠ ሰው። «በሕግ የተከለከለ ነው።» ከዚያ ወንበሩን ይዞ ተጠጋኝ። «ባሕር ዛፍ ግን አለ።»

«ባሕር ዛፍ ምን ያደርግልኛል?»

«ትገዛዋለህ። ባሕር ዛፍ ደግሞ አየር ላይ አይቆምም።»

ነገሩ ገባኝ መሰለኝ። ገባኝ ባልኩበት አፌ ሌላ ጠየቅሁ፤ አስፋልት ዳር ያለው ባሕር ዛፍና ገደል አፋፍ ያለው ባሕር ዛፍ ዋጋቸው አንድ ነው ወይ አልኩት። ከት ብሎ ሳቀብኝ። የአስፋልቱ ዳር በብዙ እጥፍ ይበልጣል አለ።

«ዛፉ ያው አይደል እንዴ?»

«ዛፉማ ያው ነው።»

«ታዲያ የምገዛው ምኑን ነው?»

«ዛፉን ነዋ!» አለ። አልቀለደም፣ ፊቱን አይቼዋለሁ። መሬት ዋጋ የለውም፣ ዛፉ ግን ወደ አስፋልት በቀረበ ቁጥር ይወደዳል። ቆጮዬን ጨርሼ ወጣሁ፤ ግራ መጋባት የጀመርኩት እዚያ ክትፎ ቤት ነው ብዬ ልመዝግብላችሁ።

ሰኞ፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ አገና አጠገብ

ጉብሬ ላይ ወደ አታት ሆስፒታል የሚሄዱት ወረዱ፤ አንዲት ሴት የታመመ ልጇን ታቅፋ ስለነበር ሚኒባሱ ሙሉ ሰው «እግዜር ይማርልሽ» እያለ ሸኛት። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ብርዱም እንሰቱም እየጨመረ ይሄዳል።

የአክስቴን መንደር ላላየ ሰው ጀፎረ የሚባለውን ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ የጉዞዬ ጣጣ ሁሉ እሱ ነውና። በሁለት ረድፍ የተሠሩ ቤቶች አሉ። በመካከላቸው ኳስ ሜዳ የሚያህል ስፋት ያለው፣ ሣር የለበሰ መንገድ ከመንደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይዘልቃል። ጀፎረ ይሉታል። የሁሉም በር ወደ እሱ ያያል፣ እንሰቱ ከየቤቱ ጀርባ ነው። ከብት ይግጥበታል፣ ሰርግ ይጨፈርበታል፣ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ የሞተ ይለቀስበታል። አንድም ሰው አንዲት ጎመን አይተክልበትም። ቢቸግረው እንኳ አይተክልም።

ሣሩን አቋርጬ ወደ እትዬ ብርቄ በር ስሄድ ከአጥሯ ውስጥ ጮኸችብኝ።

«በዚያ አትምጣ! በጓሮ ዙር!»

«እትዬ፣ እኔ ነኝ እኮ፣ ፈቃዱ!»

«አውቄሃለሁ! በጓሮ ዙር አልኩህ!»

ከነሻንጣዬ እንሰት መሀል ለመሀል ዞርኩ። ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ስትስመኝ ግን ያው እትዬ ብርቄ ናት፤ አራቴ፣ አምስቴ፣ ቆጥሮ የሚጨርሳት የለም። ላሟ ግቢ ውስጥ ታስራለች፣ ፊቷ የታጨደ ሣርና የእንሰት ቅጠል ተከምሮላታል። ጀፎረው አጥሩ ሥር እየተንጣለለ ላም አስሮ መቀለብ ምን የሚሉት ነው?

ከፌስታል ውስጥ የመሬት ደብተሯን አወጣች። ካርታው ላይ ጣቴን አስኬድኩ። የይዞታዋ መስመር አጥሯ ላይ አይቆምም፤ አልፎ ጀፎረው ውስጥ ይገባል። በእግር ሲሰፈር አሥራ ሁለት እርምጃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለኪዎቹ የመጡ ቀን እሷ ለቅሶ ሄዳ ነበር። ድንበሩን ያሳየው አንድያ ልጇ ታደሰ ነው፤ ቡታጅራ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል። ደብተሩ ሲመጣ እሷ ማንበብ ስለማትችል ሣጥን ውስጥ ከተተችው። በኋላ የጎረቤቷ የጋሽ ሸረፋ ልጅ ካርታውን አይታ «እማማ ብርቄ፣ ሣሩም ያንቺ ሆኗል» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቴ ያንን አሥራ ሁለት እርምጃ አልረገጠችም። ላሟንም አላስረገጠችም። እኔንም እንዳያችሁት።

ጋሽ ሸረፋ ራሳቸው «አሰላሙ አለይኩም» እያሉ መጡ፤ እሳቸውም በጓሮ። ረጅም፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ጀፎረ የገፋ ሰው እሳት አይሰጠውም» አሉኝ። «ለቅሶው አይደረስለትም። የአባቶች ሥርዓት ነው።»

«እትዬ ብርቄን እንዲህ ልታደርጓት ነው?»

«እንዴት ተደርጎ! እሷ መቼ ገፋች? ወረቀቱ ነው የገፋው። ለወረቀት ደግሞ እኛ ቅጣት የለንም።»

«ታዲያ ማን ቀጣት?»

«ራሷ» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ እሷ እያመለከቱ። «ለምነን አቃተን።»

እትዬ ብርቄ ላሟን እያሻሸች ነበር። ዘወር ብላ አየችኝ። «ባሌን ያለቀስነው እዚያ ሣር ላይ ነው» አለች። «እኔ ስሞት ሰው የት ይቁም? ደብተሬ ላይ?»

አንጀቴን በላችው። ነገ ጠዋት ሁሉን አስተካክልልሻለሁ አልኳት። ወይ እኔ! በሥራዬ እንዴት እንደምተማመን እያያችሁ ነው።

ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት፣ አገና

የቢሮውን ስም አልጠራም፤ እዚያ የምትሠራው ልጅ ምንም አላጠፋችም፣ እንዲያውም ጨዋ ናት። ከጎንደር በኩል የመጣች ባለሙያ ናት፣ እዚህ ሦስት ዓመቷ ነው። ወንበር ሰጠችኝ። ማመልከቻዬን አነበበች። የመጨረሻውን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ደስ አለኝ።

«ቆንጆ ጽሑፍ ነው ጋሼ» አለች። «ግን የትኛው ቅጽ ላይ ልሙላው?»

ቅጾቹን ዘረጋችልኝ። መሬት አነሰኝ የሚል አለ። ድንበሬ ተገፋ የሚል አለ። ስሜ ተሳሳተ የሚል አለ። በዛብኝ የሚል የለም።

«ስህተት ነው፣ አርሙት በቃ።»

«ለማረም የተጎዳ ሰው ያስፈልጋል። እማማ አልተጎዱም፣ ተጠቅመዋል።»

«ተጎዳሁ እያለች እኮ ነው!»

«በመሬት መብዛት?» አለች፤ እንደምትስቅ ሁሉ ከንፈሯን ነከሰች። ቀጥላ መፍትሔውን ነገረችኝ። መንደሩ አክስቴን መክሰስ አለበት። ከሳሽ ከተገኘ መዝገብ ይከፈታል፣ ኮሚቴ ያየዋል፣ ካርታው ይታረማል። ከሳሽ ከሌለ መሬቱ የእሷ ሆኖ ይቀራል።

ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ተለጥፏል፤ ጀፎረ ነው፣ አረንጓዴ፣ ያማረ። ከሥሩ «ቅርሳችንን እንጠብቅ» ይላል። ወደ እሱ እያመለከትኩ ጠየቅኋት።

«ይሄ በእናንተ ካርታ ላይ ምን ይባላል?»

«መንገድ ነው ካልን የመንገድ ነው። ግጦሽ ነው ካልን የወል መሬት ነው። ቅርስ ነው ካልን የባህል ቢሮዎቹ ያውቃሉ።»

«ሦስቱንም ከሆነስ?»

ዘወር ብላ ፎቶውን አየችው። «እኔም እንደመጣሁ ጠይቄ ነበር» አለች፣ ቀስ ብላ።

ወጥቼ በር ላይ ቆምኩ። መሬት እንዲመለስላቸው ስንቱን አስከስሻለሁ፤ መሬት እንዲወሰድባት አክስቴን ማስከሰስ ግን የዚህ ዓመት ዕጣዬ ሆነ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ።

ረቡዕ፣ አራት ሰዓት፣ ጀፎረው ላይ

ሽማግሌዎቹ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። እኔ መሀል ላይ ቆሜ ክሱን አነበብኩ፤ «ተከሳሽ ወይዘሮ ብርቄ የወል መሬት ያለ አግባብ በመያዟ» የሚለው ጋ ስደርስ ጋሽ ሸረፋ እጃቸውን አነሱ።

«ማነው የያዘው?»

«በወረቀት ነው ጋሽ ሸረፋ፣ የቢሮ አነጋገር ነው።»

«እኔ በዚህ ወረቀት ላይ ጣቴን አላስነካም። ያላጠፋች ሴት አጠፋች ብዬ?»

«ካልከሰሳችኋት ሣሩ የእሷ ሆኖ ይቀራል እኮ!»

«ይቅራ። ሐሰት ግን አልመሰክርም፣ ወላሂ።»

ሌላውም እንደዚያው። ሦስተኛውም። አንዱ ሽማግሌማ «አንተ ልጅ፣ የሥጋ ዘመድህን ልታስከስስ ከአዲስ አበባ መምጣትህ!» ብለው ተቆጡኝ። እሷ ጠርታኝ ነው ብል የሚሰማኝ ጠፋ። ላብ በላብ ሆንኩ። ሁሉም እትዬ ብርቄን ይወዷታል፣ ስለሚወዷት ሊያድኗት አልቻሉም። በየቀኑ ወንድም ወንድሙን በሐሰት ሲከስ ለምጽፍ ለእኔ፣ እውነተኛ ጉዳይ ይዤ ከሳሽ ማጣት ግራ ያጋባል።

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትደርስ እትዬ ብርቄ ከአጥሯ ውስጥ ተናገረች። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ቆማ ስትሰማ ነበር።

«ፈቃዱ፣ ያንን ቅደደው። ሌላ ጻፍ።»

«ምን ብዬ እትዬ?»

«በብርቄ ደብተር ውስጥ የሁላችን ሣር ገብቷል፣ ይውጣ፣ በል። ይሄ ሐሰት ነው ሸረፋ?»

ጋሽ ሸረፋ አሰቡ። «አይደለም። እውነት ነው።»

«እንግዲያው መጀመሪያ የምከስ እኔ ነኝ። ቀለሙን አምጡልኝ።»

በጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩት። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ አጭሩ ነው፣ ሁለት መስመር። ጋሽ ሸረፋ የማኅተም ቀለሙን ይዘው ሄዱላት። እሷ አልወጣችም፤ በአጥሩ ላይ እጇን ዘርግታ አውራ ጣቷን አስነካች። ከዚያ ወንዱም ሴቱም እየተነሳ ከሥሯ አሻራውን አኖረ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አልደብቃችሁም።

ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት፣ አገና

ባለሙያዋ ወረቀቱን አገላበጠች። «ጋሼ፣ ተከሳሿ የከሳሾቹ አንደኛ ናቸው።»

«ናት።»

«ይሄ አይቻልም የሚል መመሪያ አላውቅም» አለችና ተቀበለችኝ። ልስማት ምንም አልቀረኝ። ነገር ግን መዝገቡን ስታወጣ ግንባሯ ተቋጠረ። ድንበሩን አሳይቻለሁ ብሎ የፈረመው ታደሰ ነው። ያሳየሁት ስህተት ነው ብሎ ታደሰ ካልፈረመ ክሱ ወደ ፊት አይሄድም።

ደወልኩለት። «ና ቡታጅራ፣ በአካል እናውራ» አለኝ፣ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ። ለእናቱ ይሄን ነገርኳት። ሚኒባስ ውስጥ ልገባ ስል «አትቆጣው» አለችኝ።

ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቡታጅራ

ዘቢዳር ተራራ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ስለነበር ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የነዳው። ቁልቁል ወርደን ቡታጅራ ስንገባ ሌላ አገር ነው፤ ሙቀት፣ ባጃጅ፣ በርበሬ የጫነ ጋሪ፣ ከመስጊዱ የሚወጣ ሕዝብ። የታደሰ ሱቅ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ተከምሮበታል። ተቃቀፍን። ለስላሳ አስከፈተልኝ።

«ሌባ ነው ብለው ነው የላኩህ?» አለኝ።

«ማንም እንደዚያ አላለም።»

«እንግዲያው ስማኝ። አገና እያደገች ነው። ነገ ከተማው እዚያ መንደር ይደርሳል። ደብተር ያለውን ሰው ጠርተው ያነጋግሩታል፣ እንሰቱን ቆጥረው፣ አጥሩን ለክተው ካሳ ይሰጡታል። ጀፎረውንስ? የማን ነው ብለው ማንን ይጠይቃሉ? ደብተር የለውም። አንድ ጠዋት ዶዘር ይገባበታል፣ አለቀ። እኔ ሣሩን ባለቤት ልሰጠው ነው ያስገባሁት።»

«ሱቅ ልትሠራበት አይደለም?»

«ሁለቱንም!» አለ፣ ሳያፍር።

ደግሞ ደስ አለኝ፣ እውነቱን መናገሩ። ልጁ ትክክል ነው እንዴ? የሁሉም ሲሆን ጠያቂ ያጣል፤ የአንድ ሰው ሲሆን ሣርነቱ ይቀራል። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ቅርስ ነው፣ ካርታ ላይ ሲሆን ስም የለውም። አክስቴ ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆኖባታል፤ መሬት አላት፣ መርገጥ አትችልም። እኔ እንጃ፣ ዞረብኝ፣ ያኔም ዞረብኝ፣ ይሄን ስጽፍም አልጠራልኝም።

«እስቲ ወረቀቱን» አለ ታደሰ። ሰጠሁት። ብዙ ቆየበት።

«ይሄ የመጀመሪያው አሻራ የማን ነው?»

«የእናትህ።»

«ሣሩ ላይ ቆማ ነው ያስነካችው?»

«አይ። ከአጥሯ ውስጥ ሆና፣ እጇን ዘርግታ።»

«ለምን?»

አለማወቁ አስደነገጠኝ። ስልክ ስትደውልለት ይሄን ነግራው አታውቅም። ነገርኩት፤ ሣሩን እንደማትረግጥ፣ ሰው በጓሮ እንደሚገባ፣ ላሟ ግቢ ውስጥ እንደታሰረች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካርታው ከተነበበላት ጀምሮ።»

ታደሰ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። «አባቴ ሲሞት» አለና አቆመ። ገዢ መጣ፣ በእጁ መለሰው። በመጨረሻ እስክሪብቶ ከኪሱ አወጣ።

«እፈርማለሁ። ግን አልተስማማሁም። አልተስማማሁም ብለህ ጻፍልኝ።»

«እንዲህ ተብሎ አይጻፍም እኮ ታዴ።»

«ጸሐፊ አይደለህ? ጻፈው!»

ጻፍኩት፦ «ባልስማማም፣ ያሳየሁት ድንበር ስህተት መሆኑን አረጋግጣለሁ።» ፈረመ። «ዶዘሩ የመጣ ቀን ደግሞ አንተን ነው የምጠራህ» አለኝ፤ እኔም እሺ አልኩ፣ ምን እንደምጽፍ ባላውቅም።

ፖስታውን አሽገን ወደ አገና ለሚመለሰው ሚኒባስ ሹፌር ሰጠነው፤ ቢሮው በር ድረስ አደርሳለሁ ብሎ ደረቱን መታ። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ፣ ረዳቱ ባዶ ወንበሮቹን እያየ «የሞላ ነው!» ሲል፣ እትዬ ብርቄ ጋ ደወልኩ።

«ፈረመ?»

«ፈረመ እትዬ። ግን ገና ኮሚቴው ያየዋል፣ ካርታው እስኪታረም ጊዜ ይፈጃል፣ ደብተሩም…»

እየሰማችኝ አይደለም። «ሸረፋ! ፈረመ!» ስትል ይሰማኛል። በር ተንጓጓ። ላሟን በስሟ ስትጠራት ሰማሁ። ከዚያ ትንፋሿ ብቻ ነው፣ እንደሚራመድ ሰው።

«እትዬ? እትዬ የት ነሽ?»

«ቆይ» አለች። «እየቆጠርኩ ነው።»

ጠበቅኋት። አውቶቡሱ ተነሳ።

«አሥራ ሁለት» አለች።